ሃርድ ዲስኩን ማን ቀሰቀሰው?

ማንም ያልነካው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይልና መልሶ ማጉረምረም ይጀምራል። ፋይል የከፈተ የለም፣ የሚገለበጥ ነገር የለም፣ የኮምፒውተሩ ስክሪን እንኳ ጠፍቷል፤ ሞተሩ ግን ይነሣል፣ ጥቂት ይሽከረከራል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ይነሣል። በሊኑክስ ላይ ይህ ሲያጋጥም የተለመደው ምክር የእንቅልፍ ሰዓቱን ማሳጠር ነው። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ ከዚህ ይለያል። ዲስክ በራሱ ፈቃድ አይነቃም። እያንዳንዱ መንቃት ላኪ አለው፤ ላኪው ከርነሉ፣ አንድ ፕሮግራም ወይም ከዲስኩ ጋር በአንድ ቅርፊት የታሸገችው ትንሽ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ ይህን ላኪ ለማወቅ የሚያስችለውን መረጃ አልደበቀም። ስለዚህ ቀስቃሹ ሳይታወቅ የሚነካካ ሰዓት ችግሩን አይፈታም፤ እንደምናየው ዲስኩን ሊያደክመውም ይችላል።

መጀመሪያ እንቅልፉ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። በሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ። ዲስኩ «ስታንድባይ» ወደሚባለው ሁኔታ ሲገባ የማንበቢያ ጭንቅላቶቹ ወደ ማረፊያቸው ይመለሳሉ፣ ሞተሩም ይቆማል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ግን ትዕዛዝ እየጠበቀ ይቆያል። ከሳህኑ የሚነበብ ወይም በሳህኑ ላይ የሚጻፍ ነገር እንደመጣ ዲስኩ ማንንም ሳያስፈቅድ ሞተሩን ያስነሣል። ሳህኖቹ ፍጥነታቸውን እስኪይዙ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ጠያቂው ፕሮግራምም እስከዚያ ቆሞ ይጠብቃል። ወደ እንቅልፍ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በዲስኩ ውስጥ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ሥራ ካልመጣ ዲስኩ ራሱ ይተኛል። ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ የሚላክ «አሁኑኑ ተኛ» የሚል ትዕዛዝ ነው።

በሊኑክስ የውስጡን ሰዓት ለመሙላት ብዙ ሰው የሚጠቀመው ማርክ ሎርድ የጻፈውን ኤችዲፓርም ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናቅፍ ነገር አለ። በትልቁ ኤስ አማራጭ የሚሰጠው ቁጥር ደቂቃም አይደለም፣ ሰከንድም አይደለም። ከ1 እስከ 240 ያሉት ቁጥሮች በ5 ሰከንድ ይባዛሉ፤ ስለዚህ 120 ማለት 10 ደቂቃ፣ 240 ማለት 20 ደቂቃ ነው። ከ241 ጀምሮ ግን ሚዛኑ ይለወጣል፦ 241 ማለት 30 ደቂቃ፣ 242 ማለት 1 ሰዓት ሲሆን በዚሁ መንገድ እስከ 251፣ ማለትም እስከ 5 ሰዓት ተኩል ይዘልቃል። 0 ደግሞ ሰዓቱን ጨርሶ ያጠፋዋል። ሃያ ደቂቃ ለማለት 20 ብሎ የጻፈ ሰው ዲስኩን በየ100 ሰከንዱ እንዲተኛ አዞታል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የማያቋርጥ መተኛትና መነሣት ከቀስቃሹ ይልቅ የቁጥሩ ጥፋት ነው። በዚያው ፕሮግራም በትልቁ ቢ የሚሰጠው የኃይል ቁጠባ ደረጃም መታየት አለበት፤ ከ128 እስከ 254 ያሉት ደረጃዎች ሞተር ማቆምን አይፈቅዱም። ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ሰዓቱ እንደገና መሞላት የሚያስፈልገውም ብዙ ጊዜ ነው፤ ትናንት የሠራ ማስተካከያ ዛሬ ጠፋ የሚያሰኘው ይህ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ችግሩ ከቀጠለ መለየት ያለባቸው ሁለት በሽታዎች አሉ። አንዱ ዲስክ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ሌላው ይተኛል ግን ይቀሰቀሳል። ለባለቤቱ ሁለቱም «አይተኛም» ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የዩዲስክስ ጉዳይ ነው። ዩዲስክስ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ከጀርባ የሚሠራ ሰርቪስ ሲሆን በየ10 ደቂቃው የዲስኮችን የጤና መረጃ ይጠይቃል። ጨዋ ነው፤ ከመጠየቁ በፊት ዲስኩ ተኝቶ እንደሆነ ያጣራል፣ ከተኛም ይተወዋል። ነገር ግን አንዳንድ ዲስኮች የጤና ጥያቄውን እንደ ሥራ ቆጥረው የውስጥ ሰዓታቸውን ከዜሮ ይጀምራሉ። እንዲህ ያለው ዲስክ ሰዓቱ 20 ደቂቃ ላይ ከተሞላ በአሥረኛው ደቂቃ ጥያቄ ይመጣል፣ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይደገማል፤ ዲስኩ ለዘላለም አይተኛም። ሰዓቱ 5 ደቂቃ ላይ ሲሞላ ግን በሁለት ጥያቄዎች መካከል ይተኛል፣ ከተኛ በኋላም ማንም አይነካውም። ተመሳሳይ ዲስክ፣ ተመሳሳይ ሰርቪስ፤ አንዱ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ያሽከረክረዋል፣ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ያስተኛዋል። እዚህ ሰዓት ማሳጠር የሚሠራው ምክንያቱ ስለታወቀ ነው። ያው ምክር ሌላ ፕሮግራም በየ6 ደቂቃው ፋይል ለሚያነብበት ዲስክ ቢሰጥ ውጤቱ በየ6 ደቂቃው ሞተር ማስነሣት ይሆናል።

ታዲያ ላኪው እንዴት ይገኛል? እኔ ከሁሉ በፊት የማስቀድመው ሙከራ ምንም ፕሮግራም መጫን አይፈልግም፦ ዲስኩን አንማውንት አድርጎ ገመዱን ሳይነቅሉ መተው። ፋይል ሲስተሙ ከተላቀቀ በኋላ በዚያ ዲስክ ላይ ያሉትን ፋይሎች ማንም ሊደርስባቸው አይችልም። ዲስኩ ከዚህ በኋላ ጸጥ ብሎ ከተኛ ቀስቃሹ በፋይል ሲስተሙ በኩል የሚመጣ ነው፤ አሁንም ከተነሣ ግን የፋይል ፕሮግራሞች ሁሉ ንጹሕ ናቸው፣ ፍለጋውም ወደ ጤና መቆጣጠሪያዎቹና ወደ ቅርፊቱ ይዞራል። አንድ ሌሊት የሚፈጅ ሙከራ ነው፤ የተጠርጣሪዎቹን ዝርዝር ግን ለሁለት ይከፍለዋል። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ አሥር ማስተካከያ በአንድ ቀን ስለሚሞክር ዲስኩ ቢተኛ እንኳ የትኛው እንዳስተኛው አያውቅም።

ቀስቃሹ በፋይል በኩል ከሆነ ቀጣዩ ምስክር ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ያለው ዲስክስታትስ ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ መስመር ይይዛል፤ ከዲስኩ ስም ቀጥሎ የመጀመሪያው ቁጥር የተጠናቀቁ ንባቦች፣ አምስተኛው የተጠናቀቁ ጽሕፈቶች ናቸው። ዲስኩ ሲተኛ መስመሩን መቅዳት፣ ሲነሣ ደግሞ መቅዳትና ማነጻጸር ነው። ንባብ ጨምሮ ከሆነ አንድ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ያልተያዘ ነገር ፈልጓል። ጽሕፈት ብቻ ጨምሮ ከሆነ ጉዳዩ ይረቅቃል፤ ምክንያቱም ማንም ሳይጽፍ ጽሕፈት ሊኖር ይችላል። ሊኑክስ አንድ ፋይል ሲነበብ የተነበበበትን ሰዓት በፋይሉ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ከርነል 2.6.30 በ2009 ከወጣ ጀምሮ ይህ በነባሪነት ተቀንሷል፤ ሰዓቱ የሚታደሰው ፋይሉ ከመጨረሻው ንባብ ወዲህ ከተለወጠ ወይም የቀድሞው ሰዓት 24 ሰዓት ካለፈው ነው። ተቀነሰ እንጂ አልቀረም። ፋይሉ ቀድሞ ተነብቦ በማስታወሻ ውስጥ ካለ ንባቡ ራሱ ሳህኑን አይነካም፤ ሰዓቱን ለመመዝገብ የሚደረገው ጽሕፈት ግን ሞተሩን ያስነሣል። ዲስኩ «ኖ-ኤታይም» በሚለው አማራጭ ማውንት ሲደረግ ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ለፊልም፣ ለፎቶና ለመጠባበቂያ ቅጂ በሚያገለግል ዲስክ ላይ የሚጎዳው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጽሕፈትን መከታተል የሚያከብደው ሌላው ነገር መዘግየቱ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲጽፍ ከርነሉ ወዲያው ወደ ዲስኩ አይልከውም፤ በማስታወሻ ያቆየዋል። በነባሪው አሠራር 30 ሰከንድ የሞላው መረጃ ለመጻፍ ይታጫል፣ ጸሐፊው ክር ደግሞ በየ5 ሰከንዱ እየነቃ የታጨውን ይፈልጋል። ኤክስት4 የተባለው ፋይል ሲስተም ደግሞ የፋይሎቹን መዝገብ በጆርናሉ በኩል በየ5 ሰከንዱ ያጸድቃል። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሣ የተሰማበት ቅጽበትና ፕሮግራሙ የጻፈበት ቅጽበት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሎግ የሚያገላብጥ ሰው ድምፁ ከተሰማበት ሰከንድ ይልቅ ከዚያ በፊት ያለውን ግማሽ ደቂቃ ማየት አለበት። የአንድን ፕሮግራም ስም በቀጥታ የሚያወጣው መሣሪያ ፋትሬስ ነው። ወደ ዲስኩ ማውጫ ገብቶ በትንሹ ሲ አማራጭ ሲነሣ በዚያ ፋይል ሲስተም ላይ የሚደረገውን እያንዳንዱን ንክኪ በመስመር ይጽፋል፤ የፕሮግራሙ ስም፣ በቅንፍ የሂደት ቁጥሩ፣ ቀጥሎ ንባብ ወይም ጽሕፈት መሆኑን የሚያሳይ ፊደል፣ በመጨረሻ የፋይሉ ሙሉ አድራሻ። ፋትሬስ ከማስታወሻ የሚስተናገደውን ንባብም ስለሚዘግብ በዝርዝሩ የሚታይ ሁሉ ቀስቃሽ አይደለም፤ ከዲስክስታትስ ቁጥሮች ጋር ሲገጥም ብቻ ነው የሚያሳምነው። ውጤቱንም በዚያው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ተመልካቹ ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል።

በዚህ መንገድ በተደጋጋሚ የሚያዙት የታወቁ ናቸው። የኬዲኢው ባሉና የኖሙ ትራከር ፋይሎችን ለፍለጋ ይመዘግባሉ። ጄሊፊንና ፕሌክስ አዲስ ፊልም መጥቶ እንደሆነ ማውጫዎችን ይቃኛሉ፤ የቶረንት ፕሮግራሞች ለሌሎች ያካፍላሉ። በቀን አንዴ የፋይሎችን ስም የሚሰበስበው አፕዴትዲቢ ደግሞ ትኩረት የሚገባው ባህርይ አለው፦ በዴቢያን ነባሪው ቅንብር «ሚዲያ» የተባለውን ማውጫ ይዘላል፣ «ኤምኤንቲ» የተባለውን ግን አይዘልም። አንዱ ዲስክ በመጀመሪያው ሥር ሲሰቀል ሌሊቱን ይተኛል፣ በሁለተኛው ሥር ሲሰቀል በየቀኑ አንድ ጊዜ ይነሣል፤ በዲስኩ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

ፋትሬስ ምንም ሳያሳይ የጽሕፈት ቁጥሩ ያለማቋረጥ ሲጨምር መታሰብ ያለበት ዲስኩ መቼ ፎርማት እንደተደረገ ነው። ትልቅ ዲስክ በኤክስት4 ፎርማት ሲደረግ ሥራው በፍጥነት እንዲያልቅ የፋይል መዝገብ ሰንጠረዦቹ ሳይጸዱ ይተዋሉ። ጽዳቱን መጀመሪያ ማውንት ሲደረግ የሚነሣ «ኤክስት4ሌዚኢኒት» የተባለ የከርነል ክር ይረከባል፤ ሌላውን ሥራ እንዳያውክ አንዱን ክፍል ሲጨርስ የፈጀበትን ጊዜ 10 እጥፍ ያህል እየጠበቀ ይሄዳል። በብዙ ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ ረጅም ሰዓታት ይወስዳል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜም ዲስኩ አይተኛም። የፋይል ንክኪ ስላልሆነ ፋትሬስ አያየውም፤ አዮቶፕ የተባለው መሣሪያ ግን በስሙ ያሳየዋል። አዲስ ዲስክ ገዝቶ «ተበላሽቶ መጣ» ብሎ ለመመለስ የተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ ይህን ክር ይፈልግ። መድኃኒቱ ማውንት አድርጎ እስኪጨርስ መተው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንለፍ፦ አንማውንት ተደርጎም ወደሚነቃው ዲስክ። እዚህ ዲስክስታትስ አይረዳም፤ የጤና ጥያቄዎች የንባብና የጽሕፈት ቆጣሪዎቹን አያንቀሳቅሱም። ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ሞተሩ መነሣቱ ግን ራሱ ማስረጃ ነው፤ የመጣው የፋይል ጥያቄ ሳይሆን ትዕዛዝ ነበር ማለት ነው። ቀዳሚው ተጠርጣሪ በነባሪነት በየ30 ደቂቃው ዲስኮችን የሚመረምረው ስማርትዲ ነው። እንዲያው ሲተው ተኝቶ የነበረን ዲስክ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ታማሚን እንዴት አደርክ ለማለት ከእንቅልፉ እንደምትቀሰቅስ ነርስ ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው በዚህ ተበሳጭቶ ምርመራውን ያጠፋዋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኤክስተርናል ዲስክ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ የሌለ የቤተሰብ ፎቶና የዓመታት ሥራ የተቀመጠበት ነው፤ መበላሸት ሲጀምር አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ የሚችለው ያ ምርመራ ነው። በስማርትዲ ቅንብር ላይ በትንሹ ኤን አማራጭ «ስታንድባይ» የሚለውን ቃል መጨመር በቂ ነው፤ ዲስኩ ከተኛ ይዘለዋል፣ ሲነቃ ይመረምረዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዲስኩ ስለ ራሱ እውነቱን ከተናገረ ነው። በዩኤስቢና በዲስኩ መካከል ትዕዛዞችን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የምትመልስ ሰሌዳ አለች፤ ኮምፒውተሩ በስካዚ ይናገራል፣ ዲስኩ በኤቲኤ ይሰማል። ጥሩዋ ሰሌዳ የዲስኩን ሁኔታ የሚጠይቀውን ትዕዛዝ በትክክል ታሳልፋለች። ደካማዋ ትጥለዋለች ወይም የማይረባ መልስ ትሰጣለች። ፈተናው ቀላል ነው፦ ዲስኩን በኤችዲፓርም ትንሹ ዋይ አስተኝቶ፣ ሞተሩ መቆሙን በጆሮ ወይም በእጅ አረጋግጦ፣ በትልቁ ሲ ሁኔታውን መጠየቅ። ስታንድባይ ካለ ሰሌዳዋ ታማኝ ናት። «አይታወቅም» ካለ፣ ወይም ጥያቄው ራሱ ሞተሩን ካስነሣው፣ ዩዲስክስም ስማርትዲም ተኝቶ እንደሆነ የሚያጣሩበት መንገድ የላቸውም፤ ጨዋነታቸው ሁሉ ከንቱ ነው። እንዲህ ባለው ቅርፊት ላይ የውስጥ ሰዓቱን የሚሞላው ትዕዛዝም ላይደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፦ ይህ ሁሉ ለምን? ሞተር ማስነሣት ከማሽከርከር የበለጠ ያደክማል፣ ስለዚህ ዲስኩን ዝም ብሎ ማሽከርከር አይሻልም? ተቃውሞው ግማሽ እውነት ይዟል፤ የያዘው እውነት ግን የዚህን ምዕራፍ ሐሳብ ያጠናክራል። ጭንቅላታቸው በሳህኑ ላይ የሚያርፍ ዲስኮች ለ50,000 ያህል መነሣትና መቆም ይገመቱ ነበር፤ ጭንቅላታቸውን ከሳህኑ ውጭ የሚያሳርፉት የላፕቶፕ ዲስኮች ለ600,000 ማረፍና መመለስ የሚገመቱ አሉ። በየ10 ደቂቃው የሚቀሰቀስ ዲስክ በቀን 144 ጊዜ፣ በዓመት 52,560 ጊዜ ይነሣል። የመጀመሪያው ዓይነት ገደቡን በአንድ ዓመት ይጨርሳል። በቀን 4 ጊዜ ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚነሣ ዲስክ ግን በዓመት 1,460 ላይ ነው፤ በዚህ ፍጥነት 50,000 ለመድረስ ከ30 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። የሚጎዳው እንቅልፍ ሳይሆን የተቆራረጠ እንቅልፍ ነው። በሌላ በኩል ሥራ ሳይኖረው 5 ዋት የሚወስድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ዓመቱን ሙሉ ሲሽከረከር ወደ 44 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ በዚያ ላይ ሙቀቱና ድምፁ አለ። ቀስቃሹ ካልተገኘና ሊገኝ ካልቻለ ግን ተቃዋሚው ልክ ነው፤ በየ10 ደቂቃው ከሚነሣ ዲስክ ሁልጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ይሻላል። ያኔ ሰዓቱን ማጥፋት ሽንፈት አይደለም።

በተመሳሳይ ምክንያት በየጥቂት ደቂቃው ዲስኩን በግድ የሚያስተኛ ስክሪፕት መጻፍን አልደግፍም። መረጃ አያጠፋም፤ ዲስኩ ሲፈለግ ይነሣል። ግን ሥራ መኖር አለመኖሩን ሳያይ ስለሚያስተኛ የመነሣቱን ቁጥር ያበዛዋል። ኤችዲ-አይድል የተባለው ፕሮግራም ከዚህ የተለየ ነው። ዲስክስታትስን እየተመለከተ ንባብና ጽሕፈት በነባሪው 600 ሰከንድ ከቆሙ ብቻ በስካዚ ቋንቋ «ቁም» ይላል። የጤና ጥያቄዎች በዚያ ቆጣሪ ስለማይገቡ ቆጠራውን አያበላሹበትም፤ የውስጥ ሰዓት የማታሳልፍ ሰሌዳም ብዙ ጊዜ ይህን ትዕዛዝ ትቀበላለች። ለመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ለሚያገለግል ዲስክ ደግሞ ከሁሉ የሚመረጠው ሲፈለግ ብቻ ማውንት ማድረግ ነው፤ ሲስተምዲ ሥራ ሲፈታ ራሱ አንማውንት የሚያደርግበት አማራጭ አለው። ፋይል ለመክፈት መስኮት ሲነሣ የተሰቀሉትን ዲስኮች ሁሉ የሚዳስሱ ፕሮግራሞችም ያልተሰቀለውን አይነኩም። የጤና ጥያቄን ግን ይህ አያስቀርም፤ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ መታከም አለባቸው።

ማስተካከያው መሥራቱን ለማወቅ ጆሮ አይበቃም፤ ሌሊት ማንም አያዳምጥም። ዲስኩ ራሱ ስማርት በሚባለው የጤና መዝገቡ ይቆጥራል፦ ቁጥር 4 ሞተሩ የተነሣበትንና የቆመበትን፣ ቁጥር 193 ጭንቅላቶቹ ያረፉበትን ብዛት ይይዛሉ። ማስተካከያው በተደረገ ቀን ሁለቱን ጽፎ ማስቀመጥና ከሳምንት በኋላ ማነጻጸር ነው። ቁጥር 4 ከሚጠበቀው በላይ ከጨመረ አንድ ቀስቃሽ ቀርቷል፤ ቁጥር 193 ብቻ ከሮጠ ጭንቅላቶቹን ቶሎ ቶሎ የሚያሳርፈው የዲስኩ የራሱ ፕሮግራም ነው፤ የዌስተርን ዲጂታል ግሪን ዲስኮች በ8 ሰከንድ ያደርጉት እንደነበረው፣ ይህም በኤችዲፓርም የእንቅልፍ ሰዓት አይስተካከልም። መዝገቡን ስማርትሲቲኤል በተባለው መሣሪያ ሲያነቡም የተኛ ዲስክ እንዳይነሣ ያንኑ የኤን አማራጭ መጨመር ያስፈልጋል።